ተፈረመ እንጂ መቼ በራ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ባዘጋጀው የፊርማ ሥነ ሥርዓት ላይ ተገኝቼ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አበባና ሁለት ትንንሽ ባንዲራዎች ተቀምጠዋል። ሁለቱ ሹማምንት ፈረሙ፣ ዶሴ ተለዋወጡ፣ ተጨባበጡ። ፎቶ አንሺው አላማረውም መሰለኝ «አንዴ ድገሙልኝ» አላቸውና ደግመው ተጨባበጡ። እኛም አጨበጨብን። ምን እዋሻለሁ፣ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ማታ በዜና «ለኤሌክትሪክ መስመር ማሻሻያ ይህን ያህል ሚሊዮን ዶላር ተገኘ» ተባለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህች «ተገኘ» የምትባል ቃል ሰላም ነስታኛለች። የሚገኘውማ መንገድ ላይ የወደቀ ቦርሳ ነው። የዓለም ባንክ በየካቲት 2010 ዓ.ም ለኤሌክትሪክ ማዳረሻ ያጸደቀልን 375 ሚሊዮን ዶላር ግን ብድር ነው። ወለዱ ቢቀል፣ የመክፈያው ጊዜ ቢረዝም ያው ብድር ነው። ምክር ቤቱ እጅ አውጥቶ በአዋጅ ያጸድቀዋል፤ ገንዘብ ሚኒስቴር ተቀብሎ ለኤሌክትሪክ ድርጅቱ መልሶ ያበድረዋል፤ ድርጅቱ ደግሞ ከእኔና ከእናንተ ቆጣሪ ይሰበስበዋል። ከ1998 ዓ.ም ወዲህ ሳይነካ የቆየው ታሪፍ በ2011 ዓ.ም ጨመረ፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ለአራት ዓመት እንዲቀጥል ተወሰነ። ለምን ጨመረ አይደለም ጥያቄዬ። ከወጪው በታች እየሸጠ መስመር የሚጠግን ድርጅት የትም አገር የለም። ከፋይ ከሆንን ግን መጠየቅም መብታችን ነው።

«እርዳታ የሆነውስ?» የሚለኝ አይጠፋም። እሱም ቢሆን የሰማይ መና አይደለም። ባንኩ ለየአገሩ የሚመድበው ድርሻ የተወሰነ ነው። ለመብራት ምሰሶ የዋለው ገንዘብ ለውኃ ቧንቧ ወይም ለትምህርት ቤት አይመለስም። ስለዚህ የተበላሸ እርዳታ «የሰው ገንዘብ ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ ከአንዲት ገጠር ጉድጓድ ላይ ተነጥቆ የባከነ ነው።

እስቲ ወደ ሰፈር እንውረድ። የአንድ እንጀራ መጋገሪያ ምጣድ እስከ 3.5 ኪሎ ዋት ይወስዳል። መቶ ኬቪኤ የሚባለው ትራንስፎርመር ሃያ ስምንት ምጣድ ባንድ ጊዜ ቢጣድበት አለቀ፤ ለአምፖልና ለፍሪጅ የሚተርፍ የለውም። ያ ትራንስፎርመር ሲተከል ሰፈሩ ሠላሳ ቤት ነበረው እንበል። ዛሬ ፎቁም፣ ዳቦ ቤቱም፣ ብረት በያጁም ገብቶበታል። በዓመት በዓል ዋዜማ ቢቃጠል ምን ያስደንቃል? የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቋል፤ የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ደስ ብሎናል፣ ከኪሳችን አዋጥተንበታል። ግን ያ ሁሉ ኃይል ወደ ማዕድ ቤት የሚደርሰው በዚያችው ትራንስፎርመርና በተንጠለጠለችው ቀጭን ሽቦ ነው። ገንዘቡ የሚፈለገው ለዚህ፣ ሪባን ለማይቆረጥለት ሥራ ነው።

ያ ያጨበጨብኩለት ገንዘብስ ምን ሆነ? ከዓመት በላይ ቆይቼ አንድ በዚያው የሚሠራ ወዳጄን ጠየቅሁት። «ምሰሶው ገብቷል» አለኝ። ሽቦውስ? «ጨረታው ተሰርዞ እንደገና ወጥቷል።» ትራንስፎርመሩስ? «ከአበዳሪው ‹ተቃውሞ የለንም› የሚለውን ደብዳቤ እየጠበቅን ነው።» መኪኖቹስ? ሳቀ። መኪኖቹማ መጀመሪያ ነው የገቡት! ምሰሶው ሜዳ ላይ ተከምሮ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት፣ የፕሮጀክቱ ዕድሜ ደግሞ መቁጠሩን አላቆመም። ሌባ ፍለጋ አትግቡ፣ ከባለሙያዎቹ አንድም ሰው ሰርቋል ብዬ አላምንም። ማን ምን መቼ እንደሚገዛ ቀድሞ ያሰበ ሰው አልነበረም፣ በቃ። ገንዘብ ለማምጣት ሃያ ሰው ሲሯሯጥ፣ የመጣውን ገንዘብ ተከታትሎ የሚያሠራ ግን ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ እነሱም የተሻለ ደመወዝ ሲያገኙ ይሄዳሉ።

ፍርደ ገምድል እንዳልሆን፣ ጦርነቱ መስመር አውድሟል፣ የውጭ ምንዛሪ እጥረት መለዋወጫ አሳጥቷል፣ የአበዳሪዎቹም ወረቀት ያሰለቻል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ያ የ375 ሚሊዮኑ ብድር አንድ የሚያስቀና ሥርዓት አለው፦ ገንዘቡ የሚለቀቀው ውጤት ሲታይ ነው። ስንት ቤት መብራት ገባለት ተብሎ ይቆጠራል፣ ገለልተኛ አጣሪ ያረጋግጣል፣ ከዚያ ይከፈላል። አንድ ባለሥልጣን ይህን «ጥብቅ ቅድመ ሁኔታ» ብሎ ሲያማርር ሰምቼ ገረመኝ። ጎበዝ፣ ይህን እኮ ፈረንጅ ሳይጠይቀን እኛው ልንጠይቅ የሚገባን ነበር!

በኅዳር 2010 ዓ.ም ይፋ የሆነው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም በፈረንጆቹ 2025 መብራት ለሁሉም እንደሚዳረስ አስቦ ነበር። ያ ዓመት አለፈ፤ ከሕዝባችን ግማሽ የሚጠጋው አሁንም በኩራዝና በባትሪ ያመሻል። በመሐል በመጋቢት 2013 ዓ.ም ሌላ 500 ሚሊዮን ዶላር ጸድቋል፤ ያኔም «ተገኘ» ተብሏል። እኔ የምፈልገው ዜና ሌላ ነው። ከዚህ ስምምነት ይህን ያህል ወጪ ሆነ፣ ይህን ያህል ቀረ፣ በእናንተ ወረዳ ይህን ያህል ትራንስፎርመር ተቀየረ፣ ያልተቀየረው በዚህ ምክንያት ነው የሚል አንድ ገጽ ወረቀት በየወረዳው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። የኪራይ ቤት ማስታወቂያ የሚለጠፍበት ሰሌዳ ለዚህ አያንስም።

ሰሞኑን ደግሞ ሌላ የፊርማ ሥነ ሥርዓት እንዳለ ሰምቻለሁ። ከጠሩኝ እሄዳለሁ። ጭብጨባው ሲያልቅ እጄን አውጥቼ ያለፈው ገንዘብ ስንት እንደቀረውና ምሰሶዎቹ አሁንም ሜዳው ላይ እንደሆኑ እጠይቃለሁ።