ለኒካሕና ለጀናዛ ብቻ የሚፈለጉ አባቶች



በቤታችሁ በዕድሜ የገፉ አባት ወይም እናት አሉ? ካሉ፣ ባለፈው አንድ ዓመት ለምን ለምን ጉዳይ እንደፈለጋችኋቸው እስቲ ቁጠሩ። ለኒካሕ ጠርታችኋቸዋል፤ ያለ እሳቸው ሽምግልና አይላክምና። ለጀናዛ ጠርታችኋቸዋል። ልጅ ሲታመም ዱዓ አስደርጋችኋቸዋል። ይህ ሁሉ ደግ ነው። ነገር ግን በሰፈራችሁ ሁለት ወገን ድንጋይ ሲወራወር፣ የገበያው ወሬ በዘርና በሃይማኖት ሲመረዝ፣ አብረው ያደጉ ልጆች ካራ ሲማዘዙ ምን አላችኋቸው? «አባባ፣ እርስዎ ይቀመጡ፤ ይህ የእርስዎ ዘመን ነገር አይደለም» አላችኋቸው። በሩንም ዘጋችሁባቸው።

ይህን እኛ አክብሮት እንለዋለን። አክብሮት ግን አይደለም። ሰውን በሕይወት ሳለ ከማኅበራዊ ኑሮ ማውጣት ነው። ከዚህም የከፋው፣ ይህን የምናደርገው እሳቸው በጣም በሚያስፈልጉበት ሰዓት መሆኑ ነው።

ለዚህ ድርጊታችን ሦስት ምክንያቶች ስንደረድር እንሰማለን። አንድ በአንድ እንያቸው።

«የቀራቸው ዕድሜ የዒባዳ ነው»

የመጀመሪያው ምክንያት ሃይማኖት ለብሶ ይመጣል። ሽማግሌ ሰው ሙሰላው ላይ ይቀመጥ፣ ተስቢሑን ይቁጠር፣ የዱንያን ጣጣ ለወጣት ይተው ይባላል። ለመሆኑ ማስታረቅ ከዒባዳ ውጭ ነው ያለን ማን ነው? ሱረቱል ሑጁራት በተጣሉ ምእመናን መካከል በፍትሕ ማስታረቅን ያዛል። ትእዛዙ ዕድሜው ከዚህ ያለፈ ይቅርበት የሚል ገደብ አላስቀመጠም።

የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሕይወት እንመልከት። በቁባእ የሚኖሩት የዐምር ኢብን ዐውፍ ልጆች ተጣሉ። ወሬው ሲደርሳቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መልእክተኛ ልከው ዝም አላሉም። ራሳቸው ተነሥተው ሄዱ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከ50 አልፏል። እዚያው እያስታረቁ ሳለ መዲና ላይ የሰላት ሰዓት ደረሰ፤ ቢላል (ረ.ዐ.) አቡበክርን (ረ.ዐ.) እንዲያሰግዱ ጠየቋቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የደረሱት ሰላቱ ከተጀመረ በኋላ ነበር። እንግዲህ የመስጂዱ ባለቤት የሆኑት ኢማም በእርቅ ምክንያት ከሚሕራባቸው ዘግይተው ከደረሱ፣ የእኛ አባት ሙሰላቸውን ይዘው ከእርቅ የሚቀሩበት ምክንያት ከየት መጣ?

«የዛሬ ወጣት አይሰማቸውም»

ሁለተኛው ምክንያት ተስፋ መቁረጥ ነው። ዘመኑ ተለውጧል፤ ወጣቱ የሚሰማው ስልኩን እንጂ ሽማግሌን አይደለም ይባላል። ይህን ለሚል ሰው መልሱ አርባ ምንጭ ላይ አለ።

በመስከረም 2011 በቡራዩና አካባቢው ሰዎች በግፍ ተገደሉ። ከተጎጂዎቹ ብዙዎቹ ከጋሞና ከሌሎች የደቡብ አካባቢዎች የመጡ ነበሩ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ በቁጣ ወጣ፤ በከተማው በሚኖሩ የሌላ ብሔር ተወላጆችና በንብረታቸው ላይ ሊበቀል ተነሣ። በዚህ ጊዜ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሳር በእጃቸው ይዘው ከወጣቱ ፊት ተንበረከኩ። ዱላ አልያዙም፤ ጠመንጃም አልነበራቸውም። በጋሞ ባህል ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ሲለምን ረግጦ ማለፍ ነውር ነው። ወጣቱም ተመለሰ።

ያ ወጣት ስልክ አልነበረውምን? ነበረው። የሚያቃጥለውን ምስል ሁሉ አይቶበታል። ግን በልጅነቱ እርጥብ ሳር ምን ማለት እንደሆነ ከቤተሰቡ ተምሮ ነበር። እዚህ ላይ ልብ እንበል። አባቶቹ በዚያች ዕለት የተደመጡት በዚያች ዕለት ስለተናገሩ ብቻ አይደለም። ከዚያ በፊት በየቤቱ ቃላቸው ሲከበር ያየ ልጅ ስላደገ ነው። እኛ ግን በልጆቻችን ፊት «ተዋቸው፣ እያረጁ ነው» እያልን ቃላቸውን አርክሰን፣ ልጁ አድጎ አልሰማ ሲል ዘመኑን እንከሳለን።

«ሰላም የመንግሥት ሥራ ነው»

ሦስተኛው ምክንያት ለስንፍናችን በጣም የሚመች ነው። ፖሊስ አለ፣ ፍርድ ቤት አለ፣ ሽማግሌ ምን ያደርጋል እንላለን። የጎረቤታችንን የኬንያን ሰሜን ምሥራቅ እንይ። ዋጂር ሶማሌ ሙስሊሞች የሚኖሩበት ደረቅ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በድርቅ ላይ የጎሳ ግጭት ተጨምሮ ሕዝቡ ተጨራረሰ። የአንዱ ጎሳ ሴት የሌላውን ጎሳ ሴት ወተት አልገዛም እስከ ማለት ተደረሰ። መንግሥት እያለ ነው ይህ የሆነው።

ነገሩን የጀመሩት ጥቂት ሴቶች ናቸው። ከእነሱ አንዷ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2007 ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኘችው ደቃ ኢብራሂም ዐብዲ ናት። መጀመሪያ ገበያውን ለሁሉም ጎሳ ሴቶች ክፍት አደረጉ። ቀጥለው ወደ ሽማግሌዎቹ ሄዱ። የተጣሉት ጎሳዎች ሽማግሌዎች በአንድ ላይ ተቀምጠው መከሩ፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1993 የአል-ፋታሕ ስምምነት የሚባለውን አወጡ። የመንግሥት ባለ ሥልጣን የሚመራው የዋጂር የሰላምና የልማት ኮሚቴ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ይህም መንግሥት የመጣው ሕዝቡ በጀመረው መንገድ ላይ ነው ማለት ነው።

ከዋጂር ሌላም እንማራለን። ሽማግሌዎቹ ብቻቸውን አልጀመሩትም፤ ሴቶቹም ብቻቸውን አልጨረሱትም። ስለዚህ ስለ አዛውንት ስንናገር ስለ አባቶች ብቻ የምንናገር እንዳይመስላችሁ። ገበያ ውሎ የሚገባው ማን ነው? የጎረቤትን ሐዘንና ደስታ ቀድሞ የሚሰማው ማን ነው? እናቶቻችን ናቸው። እነሱን ከጓዳ አላወጣንም፤ የሚያውቁትንም አልጠየቅናቸውም።

ሽማግሌው ራሱ ሲበላሽ

«ሽማግሌዎችማ አይተናቸዋል፤ ለባለ ገንዘብና ለባለ ሥልጣን የሚያጎበድዱ ናቸው» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ይህ እውነትነት ያለው ነገር ነውና በዝምታ አናልፈውም።

እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ግንቦት 1993 በቦረማ ከተማ የሶማሌላንድ ጎሳዎች ሽማግሌዎች ለወራት ተሰበሰቡ። ድምፅ የሚሰጡት 150 ነበሩ። ከእርስ በርስ ጦርነት የወጣውን ሕዝብ አስታረቁ፤ የአስተዳደር ሥርዓት ዘረጉ፤ መሪም መረጡ። ደቡቡ ሶማሊያ ሲነድ ሰሜኑ የተረጋጋው በዋነኛነት በእነዚህ ሰዎች ትዕግሥት ነው። ይሁን እንጂ ጉርቲ የሚባለው የሽማግሌዎች ጉባኤ የመንግሥት ምክር ቤት ሆኖ ወንበር ያዘ። እ.ኤ.አ. በ2022 የራሱን ዘመን በ5 ዓመት፣ የፕሬዚዳንቱን በ2 ዓመት አራዘመ። በዓመቱ ላስ አኖድ ላይ ጦርነት ሲነሣ የቀድሞው የማስታረቅ ክብሩ አላዳነም።

ትምህርቱ ምንድን ነው? ሽማግሌ የሚደመጠው የሚጠቀመው ነገር እስከሌለው ድረስ ነው። ዛፍ ሥር ሲቀመጥ የሚከበር ሰው ደመወዝና ወንበር ሲቆጥር ከተከራካሪዎቹ አንዱ ይሆናል። ይህ ግን ሽምግልናን ለመጠበቅ እንጂ ለመጣል ምክንያት አይሆንም። ኢማም አጠፋ ተብሎ መስጂድ አይዘጋም።

በአገራችንም በሰኔ 2012 ከ50 በላይ የሆኑ ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች ለሰላም ብለው መቀሌ ድረስ ሄዱ። በጥቅምት 2013 ጦርነቱ ፈነዳ። «ምን ፈየዱ?» የሚል አለ። እነሱ ያደረጉት የሚገባቸውን ነው። ጥያቄው ወደ እኛ ነው። የሁለት ባለ ሥልጣናት ጠብ እንዲህ ከማበጡ በፊት፣ በየቀበሌው፣ በየገበያው፣ በየትምህርት ቤቱ ጥላቻው ሲዘራ ሽማግሌዎቻችን የት ነበሩ? ቤት አስቀምጠናቸው ነበር። እሳት ጣራ ላይ ከወጣ በኋላ አንድ ማሰሮ ውሃ ሰጥተን «አጥፉ» አልናቸው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ወሎ ውስጥ አበጋሮች ደም የተቃባን ሲያስታርቁ ኖረዋል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑም በአንድ ላይ ለሽምግልና ይቀመጣል። ይህ ከውጭ የሚመጣ ትምህርት አይደለም፤ እጃችን ላይ ያለ ሀብት ነው። የሚያስፈልገው ቤተሰብ ነው።

አንተ ወንድሜ፣ አባትህ ለእርቅ ሲጠሩ ጉልበታቸው ካልቻለ ደግፈህ ውሰዳቸው፤ የመሳፈሪያቸውን ክፈል፤ ሲመሽም ሄደህ መልሳቸው። ልጅህን አስከትል፤ አያቱ ሲለምኑ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ይይ። አንቺ እኅቴ፣ እናትሽ ከክርስቲያን ጎረቤታቸው ጋር ቡና መጠጣታቸውን በክፉ ጊዜ አታስቀሪባቸው። ያቺ ስኒ ብዙ ነገር ትይዛለችና። የመስጂድ ኮሚቴዎችም አዛውንቱን ለገንዘብ ማሰባሰቢያ ብቻ አትጥሯቸው፤ ጠብ ሲሸታችሁ ቀድማችሁ አማክሯቸው።

እናንተም አባቶችና እናቶች፣ «ማን ይሰማናል» ብላችሁ በራችሁን ከውስጥ አትዝጉ። ለወገናችሁ ብቻ የምትናገሩ ከሆነ ግን ዝም ማለታችሁ ይሻላል። የራሳችሁን ልጅ «አንተ አጥፍተሃል» ማለት ስትችሉ ነው የሰው ልጅ የሚሰማችሁ።

አላህ (ሱ.ወ.) ታላቆቻችንን ከእኛ ጋር ያቆይልን፤ ቃላቸውንም ለእርቅ ያድርግልን። አሚን።