ደቦው ሲበተን የሚያርመው ማን ነው?

ዲላ ላይ አንድ የቡና ነጋዴ በስልኩ «ዛሬ ዋጋው ስንት ገባ?» ብሎ በአማርኛ ሲጽፍ ፊደሎቹ እዚያ ስልክ ውስጥ እንዴት እንደገቡ አያስብም። ማሰብም የለበትም። ግን የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ ላይ የሰፈረው እ.ኤ.አ በ1999 ነው። ለዚያ ቦታ እንደ ዳንኤል ያዕቆብ ያሉ ሰዎች ለዓመታት ለፍተዋል።

እንዲህ ያለው ልፋት ዛሬ በአብዛኛው «ኦፕን ሶርስ» በሚባለው መንገድ ይሠራል። ኮዱ ክፍት ነው፤ የፈለገ ያየዋል፣ ይጠቀምበታል፣ ያሻሽለዋል። ብዙ ሰው ይህን ሲያስረዳ «በቃ ደቦ ማለት ነው» ይላል። ምሳሌው ደስ ይላል፣ ግን ያሳስታል። ደቦ የአንድ ቀን ነገር ነው። ባለቤቱ ይደግሳል፣ ጎረቤት ይመጣል፣ ማሳው ታጭዶ፣ ጠላው ተጠጥቶ ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል። ሶፍትዌር ግን ታጭዶ አያልቅም። ስልኩ ሲታደስ የትናንቱ ኪቦርድ አልከፍት ይላል። አንዱ «ጳ አልጽፍልኝ አለ» ብሎ ይከሳል፤ ሌላው፣ ሳንቲም ሳይከፍል፣ እስካሁን ለምን አልተስተካከለም ብሎ ይቆጣል። ስህተቱ እንደ አረም ነው፤ ዛሬ ቢነቀል ነገ ይበቅላል። አማርኛም ለሁለቱም ሥራ አንድ ቃል ነው የሰጠው፦ ማረም።

የሚያርመው ሰው ሲደክም ምን እንደሚመጣ ዓለም በመጋቢት 2016 ዓ.ም አይቷል። ኤክስዜድ የምትባል ፋይል የምታጨቅ ትንሽ ሶፍትዌር አለች፤ በብዙ የሊኑክስ ኮምፒውተሮች ውስጥ ትገኛለች። ለዓመታት የጠበቃት በመሠረቱ አንድ በጎ ፈቃደኛ ነበር። ሰውየው መድከሙን፣ ሥራውም ደሞዝ የሌለው የትርፍ ጊዜ ሥራ መሆኑን በግልጽ ተናግሮ ነበር። የማይታወቁ ሰዎች ግን «ዘገየህ፣ ለሌላ አስረክብ» እያሉ ወተወቱት። በመሐል ጂያ ታን በሚል ስም አንድ ትጉህ ረዳት ብቅ አለ፤ ሁለት ዓመት ያህል በትዕግሥት ሠርቶ ቁልፉን ተረከበ፤ ከዚያም የጓሮ በር ከፈተበት። ጉዱ የተደረሰበት አንድ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ የኮምፒውተሩ መግቢያ በግማሽ ሰከንድ መዘግየቱ አላስችል ስላለው ብቻ ነው። ግማሽ ሰከንድ!

«ገንዘብ ቢኖር ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር» የሚል ይኖራል። በከፊል እውነት ነው። ጤና ሚኒስቴር ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 ክፍት ሶፍትዌር ነው፤ ግን ጀርባው ላይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አለ። ዲላ ላይ ማታ ማታ ኮድ የሚያርም ወጣት ጀርባው ላይ ማን አለ? ዳታውን የሚገዛው ከኪሱ ነው፤ መብራት ሲሄድም ሥራው ያድራል። ሆኖም ብር ቢገኝም ሰውየው አንድ ብቻ ከሆነ፣ የታመመ ወይም የተሰደደ ቀን ሥራውም አብሮት ይሄዳል።

ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የጌዴኦን ጓሮ ማየት ይበቃል። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የመዘገበው ሰው የሚኖርበትን፣ በየቀኑ እጅ የሚነካውን መሬት ነው። ከላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ ገበሬው የደረሰውን ሲቆርጥ የሚተካው ከጎኑ ቆሟል፤ ከእሱም ቀጥሎ ገና ችግኙ አለ። ሁሉም ዕድሜ በአንድ ጓሮ ይገኛል። አንድ ትልቅ እንሰት ብቻ ያለው ቤት ዛሬ ጠግቦ ያድር ይሆናል፤ ከርሞ ግን ቆጮ የለውም።

የአገራችን የሶፍትዌር ጓሮ እንዲህ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም አምስት ሚሊዮን ኮደሮችን ለማፍራት የታሰበው ፕሮግራም ተጀመረ። መልካም ነው። ግን ሰርተፍኬቱ የሚያስተምረው መጀመርን ነው። ዩኒቨርሲቲም ቢሆን ተመራቂውን በየዓመቱ «አዲስ ሥራ አምጣ» ይለዋል፤ እሱም የቤተ መጻሕፍት ማስተዳደሪያ ይሠራል፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ያቀርባል፣ ይመረቃል። ሥራው መደርደሪያ ላይ ይቀራል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላው ያንኑ የቤተ መጻሕፍት ማስተዳደሪያ ከዜሮ ይጀምራል። የታላቁን ሥራ ተረክቦ አርባ ስህተት ያረመ ተማሪ ለምን ሙሉ ውጤት አያገኝም? የማኅበረሰብ አገልግሎት ከዩኒቨርሲቲዎች ሥራ አንዱ ነው ይባል የለ?

ከዲላ ሊጀመር የሚችል ሥራም አለ። የጌዴኦ ቋንቋ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ የፊደል ችግር ብዙም የለበትም። የሚያስፈልገው የፊደል ግድፈት የሚያርም መሣሪያና የቃላት ክምችት ነው። ትርፍ ፈላጊ ኩባንያ ለዚህ ይሮጣል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። የዲላ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋና የኮምፒውተር ተማሪዎች፣ የአንደኛ ደረጃ መምህራንና አረጋውያን ቢገናኙ ግን ይሠራል። የመጀመሪያው ቃል ከመመዝገቡ በፊት ቁልፉ በሁለት ሰው እጅ ይሁን፤ አንዱ የዘንድሮ ተመራቂ ከሆነ ሌላው ገና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ይሁን።