በበረዶ ላይ የገና ጨዋታ

የገና በዓል ሲደርስ ቆልማማ ዱላውን ይዞ በየሜዳው ሩር የሚያሳድደውን ጐበዝ ያላየ አንባቢ በመካከላችን ይኖራል ብለን አንገምትም። ይህን የመሰለውን ጨዋታ በበረዶ ላይ፥ ያውም በልጃገረዶች እጅ ብናየው ምን እንል ይሆን? በሰሜን አሜሪካ ሆኪ ይሉታል። በየወገኑ ስድስት ስድስት ሆነው፥ ከጫማቸው ሥር የብረት ስለት አድርገው፥ በሩር ፈንታ ጠፍጣፋ ክብ ጐማ እየመቱ ይጋጠማሉ። (በረዶ የሚባለው ከሰማይ የሚወርደው ጠጠር ብቻ ሳይሆን ረግቶ እንደ ድንጋይ የጠነከረውም ውሃ መሆኑን አማርኛ በመማር ላይ ያሉ ወዳጆቻችን ልብ ይበሉ።)

በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2012 መጸው እስከ 2013 መጋቢት ድረስ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቡድን 41 ጊዜ ገጥሞ 41 ጊዜ አሸነፈ፤ አንድ ጊዜ ስንኳ እኩል ለእኩል አልወጣም። ከተጫዋቾቹ መካከል ግብ በማግባት አማንዳ ኬስል፥ በበረኛነትም ከፊንላንድ የመጣችው ኖራ ራቲ እጅግ የታወቁ ነበሩ።

በእኛ አስተያየት ግን የዚያ ዓመት ፍሬ ነገር ያለው በአንድ ግጥሚያ ውስጥ ነው። በመጋቢት ወር ለአገሩ ሻምፒዮንነት በሚደረገው ውድድር መጀመሪያ ላይ የጎረቤቱ የሰሜን ዳኮታ ዩኒቨርሲቲ ቡድን መጣባቸው። 60ው ደቂቃ ሲያልቅ 2 ለ2 ነበሩ። ጊዜ ተጨመረ፤ አልተለያዩም። ሁለተኛ ተጨመረ፤ አሁንም አልተለያዩም። በሦስተኛው ጭማሪ ሚኒሶታ አንድ ግብ አግብቶ ከሽንፈት ለጥቂት አመለጠ። ከዚያ በኋላ ቦስተን ኮሌጅን 3 ለ2፥ ቦስተን ዩኒቨርሲቲንም 6 ለ3 ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ። ተከታታይ ድሉም 62 ከደረሰ በኋላ፥ በ2013 ኅዳር ያቋረጠው ይኸው የሰሜን ዳኮታ ቡድን ነው።

ይህ ብርቱ ቡድን ግን ዛሬ የለም። በመጋቢት 2017 ዩኒቨርሲቲው የበጀት ጉድለት ስለ ገጠመው የሴቶቹን ሆኪ ዘጋው፤ የወንዶቹ ቀጠለ። እኛም ከመዝገብና ከሒሳብ ጋር የምንውል ሰዎች ስለ ሆንን፥ ከበጀት ላይ መቀነስ ግድ የሚሆንበት ጊዜ መኖሩን አንክድም። ነገር ግን በእንዲህ ያለ ጊዜ ብዕሩ አስቀድሞ የሚያርፈው በማን ስም ላይ እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል እንላለን።

በዚያ ረጅም ግጥሚያ ለሰሜን ዳኮታ ከተሰለፉት መካከል ጆስሊንና ሞኒክ ላሙሩ የሚባሉ መንትያ እኅትማማቾች ነበሩ። በየካቲት 2018 በኮሪያ በተደረገው የኦሊምፒክ ፍጻሜ አሜሪካ ከካናዳ ጋር ስትገጥም፥ ግቡን አስተካክላ አገሯን ከሽንፈት ያዳነች ሞኒክ ናት፤ በመጨረሻው የመለያ ምት ያሸነፈችውም ጆስሊን ናት። አሜሪካ በሴቶች ሆኪ ወርቅ ስታገኝ ከ20 ዓመት በኋላ ገና ሁለተኛ ጊዜዋ ነበረ። የእኅትማማቾቹ የቀድሞ ቡድን ከተዘጋ ያን ጊዜ ዓመት አልሞላውም።