ገበና ወይስ መብት?

ባለፈው የበረዶ ወራት፣ በፍራንክፈርት ከተማ ጊንሃይም በሚገኝ አንድ የተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ ሽምግልና ተቀምጦ ነበር። ጉዳዩ የአንዲት እኅታችን ነው። ባሏ ቤቱን ጥሎ ከወጣ ስምንት ወር አልፎታል፤ ለሁለት ልጆቹ ሰባራ ሳንቲም አልሰጠም። ሽማግሌዎቹ የለገሷት ምክር በሦስት ነጥብ ይጠቃለላል፦ ታገሺ፤ ጠበቃ ውድ ነው፤ ገበናሽን ለፈረንጅ አታውጪ። እኛም እዚያው ነበርን፤ ዝም አልን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ዝምታ ግለ ሂስ ነው።

ሽምግልናን በጅምላ አንኮንንም። ከወላጆቻችን የወረስነው የዕርቅ ባህል ብዙ ቤት ከመፍረስ አድኗል። የምንቃወመው ዕርቅ የሕግን ቦታ ወስዶ የደካማው ወገን አፍ መዝጊያ ሲሆን ነው። በአገር ቤት እንኳ ነገሩ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. የ1960ው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ የበላይ አድርጎ፣ የፍቺን ጉዳይ ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ዳኝነት ሰጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የባልን የበላይነት ሻረ፤ የፍቺን ውሳኔም ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለዚህ ለውጥ ታግሏል፤ አቅም ለሌላቸው ሴቶችም ነጻ የሕግ ምክር ሰጥቷል። እንግዲያስ በአዲስ አበባ የተሻረውን ሥልጣን በጊንሃይም የምናነግሠው ለማን ጥቅም ነው?

«ጠበቃ ውድ ነው» የሚለውን እንመርምር። በጀርመን አገር የፍቺ ክስ ያለ ጠበቃ አይከፈትም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የሚሠራ የሕግ ምክር እርዳታ አለ። ገቢው ያነሰ ሰው የገቢና የወጪ ማስረጃውን ይዞ በአምትስጌሪሽት «ቤራቱንግስሂልፌ» ይጠይቃል። የምስክር ወረቀቱን ካገኘ፣ ለመረጠው ጠበቃ የሚከፍለው ከ15 ዩሮ አይበልጥም፤ ጠበቃውም ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ሊል አይችልም። ነገሩ ክስ ላይ ከደረሰ «ፌርፋረንስኮስተንሂልፌ» የተባለው እርዳታ የፍርድ ቤቱንና የጠበቃውን ወጪ እንደ አመልካቹ ገቢ በሙሉ ይሸፍናል፤ ወይም በየወሩ በጥቂት በጥቂቱ እንዲከፈል ያደርጋል። ዩገንድአምት ደግሞ የልጅን ቀለብ ለማስወሰንና ለማስከፈል ያለ ዋጋ ይቆማል።

«ከተፋታሽ የመኖሪያ ፈቃድሽ ይወሰዳል» የሚለው ማስፈራሪያም ከዚህ የተሻለ መሠረት የለውም። በመሠረቱ ባልና ሚስት በዚህ አገር 3 ዓመት አብረው ከኖሩ የትዳር ጓደኛ የራሱን ፈቃድ የመጠየቅ መብት አለው፤ ዱላ ባለበት ቤት ይህ ጊዜ እስኪሞላ መጠበቅም ግዴታ አይደለም። እኅታችን አራተኛ ዓመቷን ይዛ ነበር።

ይህን ስንል ሥርዓቱን ልናሞግስ አይደለም። ቅጹ በጀርመንኛ ነው፤ ጉዳዩ ካለቀ በኋላም እስከ 4 ዓመት ድረስ የተረጂው ገቢ ሊመረመር ይችላል፤ የተረታ ሰው የባላጋራውን ወጪ እንዲከፍል ከተወሰነበት እርዳታው አይደርስለትም። መብት በወረቀት ላይ ለሁሉ ተሰጥቶ፣ በተግባር ግን ቋንቋውንና በሩን ለሚያውቅ ብቻ ይከፈታል። ያን በር ማሳየት የማን ተግባር ነበር?

የእኛ ነበር። ስለ ሴቶች ጥያቄ በየጉባኤው ውሳኔ አሳልፈናል፤ ግን አንዲት ገጽ ቅጽ አልተረጐምንም። ለእኅታችን እውነቱን የነገረቻት በልብስ ማጠቢያው ክፍል ያገኘቻት ጎረቤቷ ናት፤ ማኅበራችን አይደለም።

ስለዚህ ቅጾቹ በአማርኛ ይብራሩ፤ ጀርመንኛ የሚችል አባል ሁሉ ተራ ገብቶ ባለጉዳዮችን ይሸኝ፤ እናት ፍርድ ቤት ስትቆም ልጆቿን የሚይዝ ሰው ይመደብ። ሽማግሌዎቻችንም ምክራቸውን ከመጀመራቸው በፊት «መብትሽን ታውቂያለሽን?» ብለው ይጠይቁ። ይህን ጥያቄ የሚፈራ ሽምግልና ዕርቅ አይባልም።