ቦንድና የገበያ ዋጋ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ተማሪዎቼ «መንግሥት ቦንድ የሚሸጠው ገንዘብ ስላነሰው ብቻ ነውን?» ብለው ስለ ጠየቁኝ የአሜሪካንን ታሪክ ነገርኋቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብዙው ፋብሪካ መሣሪያ ሠሪ በመሆኑ ደመወዝ በዛ፤ የሚገዛው ዕቃ ግን አነሰ። ብዙ ገንዘብ በጥቂት ዕቃ ላይ ሲሻማ ዋጋ ይንራል። ስለዚህ መንግሥት ከዋጋ ቁጥጥሩና ከግብሩ ጋር ቦንድ ሸጠ። ከ1941 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ18 ዶላር ከ75 ሳንቲም የተገዛው ቦንድ በ10 ዓመቱ 25 ዶላር ይከፈልበት ነበር። ሠራተኛው ከደመወዙ አስቆረጠ፤ ተማሪውም የ25 ሳንቲም ቴምብር እየለጠፈ 75 ሲሞላለት ቦንድ ወሰደ።

እኛም የመንግሥት ሠራተኞች ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕዳሴው ግድብ ቦንድ ገዝተናል። ነገር ግን ተበድሮ የሚገዛ ሰው ገበያውን አያረጋጋም፤ የሚያረጋጋው ከድግሱና ከመጠጡ ቀንሶ የሚገዛው ነው። እንግዲህ ወገኖቼ፣ ቦንድ ስንገዛ ከትርፍ ወጪያችን እናድርገው፤ ዛሬ ገበያውን ያቀዘቅዛል፤ ነገም ለልጆቻችን ይተርፋል።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር