ሰንበትና ጥበብ በቤተ እስራኤል ዘንድ



በመካነ ሰላም ዙሪያ ያለው ገበሬ ዓርብ ማታ በሬዎቹን ከቀንበር ከፈታ እስከ ሰኞ ንጋት ድረስ ሞፈሩን አያነሣም። ቅዳሜን ስለ ምን እንደሚያከብር ቢጠየቅ «አባቶቻችን ያቆዩልን ነው» ይላል፤ መልሱም እውነት ነው። በዚያው በቦረና ምድር የጋስጫ ገዳም ይገኛልና፤ የመጽሐፈ ምሥጢር ደራሲ አባ ጊዮርጊስም ሁለቱ ሰንበታት አብረው እንዲከበሩ በብርቱ ካስተማሩት ሊቃውንት አንዱ ነበሩ። እርሳቸው ካረፉ በኋላ በ1442 ዓ.ም. ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ ባደረጉት ጉባኤ ግብጻውያኑ ጳጳሳት አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤል ተስማምተው ነገሩ ጸና። ከዚያ በፊት የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ስለዚህ ነገር ብዙ ስደት ተቀብለዋል። በዓመት አንዲቱን ቅዳሜ ብቻ፥ ጾም ስለሚውልባት፥ «ቀዳም ሥዑር» ማለት የተሻረች ቅዳሜ ብለን መጥራታችን ራሱ የቀሩት እንዳልተሻሩ ይመሰክራል።

ስለዚህ አይሁድ ስለ ሰንበት ያሰቡትን ስንመረምር የሩቅ ሰው ቤት አንገባም። የቅርቦቹን ለማየትም ከጎንደርና ከሰሜን ማለፍ አያስፈልግም ነበር። በዚያ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ዓርብ ቀን ምግባቸውን አሰናድተው፥ በወንዝ ታጥበው፥ ንጹሕ ልብስ ለብሰው ሰንበትን ይቀበሏት ነበር፤ ከዚያ በኋላ እሳት አይነድም፥ ውኃ አይቀዳም። ታልሙድን ሳያውቁ በግዕዝ የጠበቁት «ትእዛዘ ሰንበት» የሚባል መጽሐፍ ነበራቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ዮሴፍ ሐሌቪ የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በኅትመት አወጣው። በዚህ መጽሐፍ ሰንበት ተራ ቀን ሳትሆን እንደ ሴት ተመስላ፥ መላእክት የሚያገለግሏት፥ በፈጣሪዋ ፊት ቆማ ስለሚያከብሯት የምትማልድ ናት።

ይህ ምሳሌ ብቻውን የቆመ አይደለም። በገሊላ በምትገኘው በሣፌድ ከተማ፥ በ16ኛው መቶ ዓመት፥ የአይሁድ ሊቃውንት ዓርብ ፀሐይ ስትገባ ወደ ሜዳ ወጥተው ሰንበትን እንደ ሙሽራና እንደ ንግሥት ይቀበሏት ነበር። ከዚህም አስቀድሞ መጽሐፈ ምሳሌ ጥበብን እንዲሁ በሴት አምሳል አሳይቷል፤ ዓለም ሲመሠረት በፈጣሪ ዘንድ ነበረች፥ ቤቷን በሰባት ዓምዶች ሠርታ ማዕድ አቀረበች። ሰባት ዓምድና ሰባተኛ ቀን! ሁለቱን ሴቶች አንድ ናቸው ለማለት ባንደፍርም ዝምድናቸው ግልጥ ነው።

ለምን ተዛመዱ ቢሉ፥ መጽሐፈ ሲራክ ፍንጭ ይሰጣል። የጸሓፊ ጥበብ በዕረፍት ጊዜ የምትገኝ መሆኗን ይናገርና ወዲያው አራሹን፥ አንጥረኛውን፥ ሸክላ ሠሪውን እያነሣ ልባቸው ከሥራቸው ጋር እንደ ታሰረ ያስረዳል። እንግዲህ ጥበብ ለጸሓፊ ብቻ የተተወች ናትን? ለእኔ እንደሚመስለኝ የሰንበት ሕግ ለዚህ ጥያቄ መልስ ነው፤ ገበሬውን በሰባት ቀን አንድ ጊዜ የጸሓፊውን ዕረፍት ይሰጠዋልና። አይሁድም በዚያች ቀን በምኵራብ ተሰብስበው ኦሪትን ማንበባቸው ስለዚህ ነው።

ሕጉ ጥብቅ ነው። በምልዓት የተገኘው በግዕዝ ብቻ የሆነው መጽሐፈ ኩፋሌ፥ ሰንበትን ከሰው አስቀድመው መላእክት እንዳከበሯት ይነግረንና በእርሷ ውኃ የሚቀዳውን፥ እሳት የሚያነደውን፥ የሚዋጋውንም በሞት ይፈርድበታል። ነገር ግን ጥበብ የሌለበት ጥብቅነት ምን እንደሚያስከትል የግሪኩ መቃብያን (ከእኛው የተለየ ነው) ይተርካል፤ አንድ ሺህ ያህል ሰዎች በሰንበት አንዋጋም ብለው አለቁ፥ ማታትያስና ወገኖቹም ከዚያ በኋላ ራሳቸውን ሊከላከሉ ቈረጡ። የኋለኞቹ ረበናት ነፍስን ማዳን ሰንበትን ያሳልፋል ብለው ደነገጉ። ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. ዓርብ ተጀምሮ ቅዳሜን ይዞ በ36 ሰዓት ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤል ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲጓዙ፥ በሰንበት አሳት አይነድም ሲሉ የኖሩ ሽማግሌዎች በሰንበት በሰማይ ተሻገሩ።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። በኦሪት ዘዳግም ትእዛዙ የሚያርፉትን ሲዘረዝር ወንድና ሴት ልጅን፥ አገልጋይና ገረድን፥ በሬና አህያን፥ እንግዳውንም ይጠራል፤ ምክንያቱንም በግብፅ ባሪያ ነበርህና ብሎ ያስታውሳል። ዕረፍቱ የአባወራው ብቻ አይደለም ማለት ነው። በቦረና አንዲት የገበሬ ሚስት ስለ ሰንበት ስንነጋገር፥ «አባቴ፥ በሬዎቹስ ሁለት ቀን ያርፋሉ፤ እኔን ግን ማን ይፍታኝ?» አለችኝ። ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ ሳለ ነው የተናገረችው። ወፍጮውም ምጣዱም እንስራውም ቅዳሜና እሑድ በእርሷ ላይ ነበሩ፤ ከቤቷ ያለችው ገረድም እንዲሁ ናት፥ በከተማ ባሉት ቤቶቻችንም የባሰ እንጂ የተሻለ የለም።

መልስ አጥቼ ዝም አልሁ። ባሏም ዝም አለ። በሚቀጥለው ዓርብ ግን ከሰዓት በኋላ አህያውን ጭኖ የሁለት ቀን ውኃ ከወንዝ ሲያመጣ አየሁት።