የማንን ግንብ ነው የምንጎበኘው?

የትምህርቱ ዘመን ሊያልቅ ሲቃረብ በግቢያችን አንድ ክርክር መነሣቱ የተለመደ ነው። የጉብኝት ክርክር! ገንዘብ ይዋጣል፤ አውቶቡስ ይፈለጋል፤ «ወዴት እንሂድ?» ተብሎ ስብሰባ ይጠራል። መልሱ ግን ከጥያቄው ቀድሞ ተዘጋጅቷል፦ ጎንደር፣ ፋሲል ግንብ። ደርሰን እንመለሳለን። ከዚያ በኋላ ግንቡን ተደግፈን የተነሣነውን ፎቶ ለወዳጅ ዘመድ እያሳየን እንከርማለን።

ከወዲሁ እንዳንተማማ አንድ ነገር እንበል። ጎንደርን አንጠላም። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. የቆረቆሩት ከተማ፣ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ግቢ የኛም ነው። ጠባችን ከግንቡ ጋር ሳይሆን ከአጎበኛኘታችን ጋር ነው። ግንቡን ያሠራውን ንጉሥ ስም ሁላችንም እንሸመድዳለን። ድንጋዩን የጠረበውንና ኖራውን ያቦካውን ማን ጠየቀ? ከግንበኞቹ መካከል ቤተ እስራኤሎች ነበሩበት። የርስት መብት የተነፈጉ ሰዎች፣ በጥበባቸው ምክንያት «ቡዳ» እየተባሉ የሚሸሹ ሰዎች፣ ለነገሥታት ቤት ሠሩ። ይህን ሳይሰማ ከግንቡ የተመለሰ ተማሪ ምን ጎበኘ? ድንጋይ ጎበኘ።

ሁለተኛው ነገር ይብሳል። «ወሎ ምን ግንብ አለውና!» የሚሉ ጓደኞች አሉን። እነዚህ ጓደኞቻችን በየማለዳው ጦሳን ቀና ብለው እያዩ ነው ይህን የሚሉት። ኧረ በሞቴ! በዚህ አገር ግንብ ማለት መጀመሪያ አምባ ነው። ገደሉ አጥር፣ መውጫው በር የሆነለት ሰው ለምን ብሎ ግንብ ይሠራል? ግሸን በአምባሰል ተራሮች መካከል ለዘመናት የነገሥታት ልጆች በዙፋን እንዳይሻሙ ተዘግተው የኖሩበት ምሽግ ነው። በመስከረም 21 ለግሸን ማርያም የሚወጣው ሕዝበ ክርስቲያን የሚረግጠው መሬት የጸሎት ቦታ ነው፤ የእስር ቤትም ታሪክ አለው። መቅደላስ? ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሽጉጣቸውን የጠጡበት አምባ ከኛው ከደቡብ ወሎ አይደል እንዴ? ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ከጋፋት እስከ መቅደላ ተራራ ለተራራ ማን ጎተተው? ንጉሡ ብቻቸውን አልጎተቱት።

መቅደላ ስለ ጎብኚም ያስተምረናል። ወደዚያ አምባ ከባሕር ማዶ የወጡት እንግሊዞች ሲወርዱ ባዶ እጃቸውን አልወረዱም። የዘረፉትን መጽሐፍ፣ ታቦት፣ ዘውድና ጽዋ አሥራ አምስት ዝሆንና ሁለት መቶ ያህል በቅሎ ነው ያጓጓዘው። አብዛኛው ዛሬም በለንደን ሙዚየሞችና ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጧል። ይህን ስንሰማ እንቃጠላለን፤ መቃጠላችንም ተገቢ ነው። ግን እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ፦ እኛስ ወደ አንድ መንደር ወጥተን፣ የፈለግነውን አንሥተን፣ ምንም ሳንሰጥ ስንወርድ ምን እንባላለን? ዝሆን የለንም እንጂ ልማዱስ አለን።

ይህን ያለ ምክንያት አላነሣንም። ከኮምቦልቻ ወደ ደቡብ ወርደን፣ ከሚሴን ይዘን፣ በእግር ወደ ሾንኬ የወጣን ሰዎች ነን። ሾንኬን የማያውቅ ካለ እንንገረው። በደዋ ጨፋ ወረዳ፣ ከኮረብታ አናት ላይ፣ የድንጋይ ቤቶች እርስ በርስ ተደጋግፈው የቆሙበት የአርጎባ መንደር ነው። ዕድሜውን ዘጠኝ መቶ ዓመት ያህል ያደርሱታል። እነ ሸኽ ጀውሃርን የመሰሉ ዓሊሞች የወጡበት የቂርአት አገር ነው። ከዚያም ወደ ደቡብ በይፋት የተራራ ወገብ ላይ እነ ኖራና እነ አስበሪ አሉ። መካከለኛው ዘመን ላይ የሙስሊም ነጋዴና ዓሊም ከተሞች የነበሩ፣ መስጊዳቸው በድንጋይ የታነጸ፣ ዛሬ ፍርስራሻቸው በቁጥቋጦ የተዋጠ። እነዚህስ ግንብ አይደሉም? ወይስ ንጉሥ ያልተቀመጠበት ድንጋይ ታሪክ የለውም?

ሾንኬ ስንደርስ ምን አደረግን? እውነቱን እንናገር። ሰላምታችን ሳያልቅ ካሜራው ወጣ። አንዳንዶቻችን ሳናስፈቅድ በሰው ደጃፍ ቆመን ወደ ውስጥ አነሣን። አንዲት እናት ሻሻቸውን ወደ ፊታቸው ስበው በሩን ገፋ አደረጉት። ያን ጊዜ ነው ያፈርነው። አንድ አባት ግን እንዲያው በደግነት ተቀበሉን፤ ቡና ተፈላልን፤ ዱዓ ተደረገልን። ሲሸኙንም ቤቱን እንደ ወደድነው ማየታቸውን፣ ወጣቶቹ ለምን ጥለውት እንደሚወርዱ ግን አንዳችንም እንዳልጠየቅን ነገሩን። መልስ አልነበረንም። አቀርቅረን ወረድን።

እዚህ ላይ «እናንተ ደግሞ አበዛችሁት! ጎብኚ ሲመጣ ገንዘብ ይመጣል፤ መንገድ ይመጣል» የሚለን ወገን አለ። ክርክሩ ባዶ አይደለም፤ መልስ ይገባዋል። ገንዘብ ይመጣ ይሆናል። ግን ለማን? ላስታ ላሊበላን እንይ። በውቅር ቤተ ክርስቲያኖቹ ዙሪያ ባለ ሁለት ፎቅ ክብ የድንጋይ ቤቶች ሠርተው ትውልድ ከትውልድ የኖሩ ሰዎች ለቅርሱ ጥበቃ ሲባል ከስፍራው እንዲነሡ ተደርገዋል። ቤቶቹ ቀሩ፤ ሰዎቹ ሄዱ። ቅርስ የሆነው ቤቱ ነው እንጂ ነዋሪው አይደለም ማለት ነው? ሾንኬስ ነገ ሰው የሌለበት ውብ መንደር ሆኖ በፖስታ ካርድ ላይ ቢወጣ ጉብኝቱ ተሳካ እንላለን? እኛ አንልም። ሰው የማይኖርበት መንደር መቃብር ነው።

ከዚህ በተቃራኒ ጫፍ የቆሙም አሉ። «የፊውዳል ፍርስራሽ ማየት ምን ይጠቅመናል፤ ሥራ አጥነት ባለበት አገር?» ይላሉ። ከእነሱም አንስማማም። ፍርስራሹን የማያውቅ ሰው በምን እንደተሠራም አያውቅም። እዚሁ ደሴ ውስጥ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ አለ። ስሙ ያምራል፦ ድሃ ከባለጸጋ ሳይለይ፣ ማንንም ሳይጠየፍ የሚያበላ ቤት። ግንቦት 23 ቀን 1906 ዓ.ም. የወሎና የትግሬ ንጉሥ ተብለው የነገሡት ጌታ ግብር ያበሉበት ነው። መልካም። እህሉን ማን አመረተው? ዱቄቱን ማን ፈጨው? እንጨቱን ማን ተሸከመው? ገባሩ ነው፤ የገባሩም ሚስት ናት። ከደጅ ቆሞ ተራውን የሚጠብቀውም እሱው ነው። «በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት» የተባለው ለዚህ ነው። አይጠየፍን እንዲህ ብሎ የሚያይ ተማሪ የዛሬውንም ግብር እንዴት እንደሚበላ ማየት ይጀምራል። ያ ከብዙ ንግግር ይበልጣል።

ከከተማችን በስተሰሜን ትንሽ ራቅ ብሎ ቦሩ ሜዳ አለ። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ጉባኤ አድርገውበታል። ስለ ጸጋና ስለ ቅባት የተደረገውን ክርክር ሁላችንም እንሰማለን። ኢማም መሐመድ ዓሊ ሚካኤል የተባሉትም በዚያው ዘመን ነው። ነገር ግን ከጉባኤው በኋላ የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ በአዋጅ መገደዱን፣ እነ ሸኽ ጦልሃ ቢን ጃዕፈርም ለምን ለተቃውሞ እንደተነሡ ቦሩ ሜዳ ላይ ቆመን እንነጋገራለን? «ወሎ ተቻችሎ ይኖራል» ማለት ያኮራል፤ አብሽር፣ እኛም እንኮራለን። አያቶቻችን ያን ቁስል ይዘው አብረው ማዕድ መቅረባቸውን ካላወቅን ግን ኩራቱ ባዶ ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም ተማሪ አብሮ ሄዶ ይስማው።

ለመሆኑ ወሎ ለጎብኚ አዲስ ነው እንዴ? ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት አውሮፕላኖች ደሴን ሆስፒታሏን ሳይቀር ሲደበድቡ ከላይ ሆነው አይተዋታል። በ1965 ዓ.ም. ደግሞ የዩኒቨርስቲ መምህራን ወሎ ድረስ መጥተው የረሃቡን ፎቶግራፍ አነሡ። አንሥተውም በኪሳቸው አላስቀሩትም፤ ግቢያቸው ውስጥ አሳዩት፤ ተማሪው ተነሣ፤ የተደበቀው ረሃብ አደባባይ ወጣ። ፎቶግራፍ ማንሣት ኃጢአት አይደለም ማለት ነው። ጥያቄው ካነሡ በኋላ ምን ይደረግበታል የሚለው ነው። በእነዚያ ተማሪዎች ወንበር ላይ የተቀመጥን ነን፤ የኛ ፎቶ ግን ስለ ራሳችን ብቻ ነው የሚናገረው።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። አለቀስን። ግን እናስታውስ፦ ከመዘረፉ በፊት ስንቶቻችን በሩን አንኳኩተን ነበር? ያላየነውን ነገር ጠፋ ብለን ስናለቅስ ምን እንደ ጠፋ እንኳ መናገር አልቻልንም። ዝርዝሩን በልቡ የያዘ ትውልድ ቢኖር ኖሮ ፍለጋውም በቀለለ ነበር።

ስለዚህ ለመጪው ጉብኝት የምንለው ይህ ነው። ጉዞው ከቤታችን ይጀምር፦ መጀመሪያ አይጠየፍና ሙዚየሙ፣ ቀጥሎ ቦሩ ሜዳ፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ ሾንኬና መቅደላ። ጎንደር አይቀርም፤ ግን ተራውን ይጠብቅ። ወደ መንደር ስንሄድ አስቀድመን መልእክት እንላክ፤ ከመንደሩ የተገኘ ተማሪ ካለ መሪያችን እሱ ይሁን። ሳናስፈቅድ ማንንም አናንሣ። ከአባቶችና ከእናቶች የሰማነውን እንጻፍ፤ ከጻፍነውም አንዱን ቅጂ ለመንደሩ እንመልስ። የምህንድስና ተማሪ ካለ ያዘመመውን ግድግዳ ይለካ፤ የጤና ተማሪ ካለ ስለ ውኃው ይጠይቅ። የታሪክ ተማሪ ደግሞ ከነገሥታቱ ስም ዝርዝር በተጨማሪ የግንበኛውን፣ የገባሩንና የፈጪዪቱን ታሪክ ይዞ ይመለስ።

ይህ በጣም ከበደን የምንል ከሆነ አውቶቡሱም ይቅር፤ መዋጮውም ለባለቤቱ ይመለስ። ለሽርሽር ሐይቅ ዳር ይበቃል፤ እዚያ ማንም ሰው በሩን አይዘጋብንም።

ሾንኬ ላይ ቡና ያጠጡን አባት ግን ጥያቄያቸውን ጠይቀዋል። መልስ ይዘን ተመልሰን እንድንወጣ ይጠብቁናል።